ለዘሀራ የተሸጠው ልጅ

አሰላ ገበያ ገብቶ ስለ ቦጋለች የጠየቀ ሰው ሁለት ነገር ይነገረው ነበር። አንደኛው በሶዋ ወደር እንደሌለው፣ ሁለተኛው አንድ ልጇን እንደምትጠላው። በሶውን በተመለከተ ገበያው አልተሳሳተም። ልጁን በተመለከተ ግን ሰው እንደ ልማዱ ከአጥር ማዶ የሰማውን ይዞ ነው የፈረደው።

ለነገሩ ሰው ምን ያድርግ? ጠዋት ሙቀጫዋ ገብስ መፈተግ ሲጀምር ምላሷም አብሮ ይነሳል። «አንተ ርጉም፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ወጥታ አሁንም ተጋድመሃል? የሰው ልጅ ስቀልብ ዕድሜዬ አለቀ። ወስዶ የሚገላግለኝ ጠፋ።» ጎረቤቱ ይህን እየሰማ ከንፈሩን ይመጣል። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ልጁ ደግሞ ይነሳና ፊቱን ታጥቦ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ ምድጃው ዳር ይቀመጣል።

ልጁ ይርሳው ይባላል። የሰው ልጅ ትበለው እንጂ አምጣ የወለደችው ራሷ ናት። እሷን ያህል የሚወደውም ሰው አልነበረም። ይህንን የሚያውቁት እሷና ጋሪ ነጂው ባሏ ሣህሌ ብቻ ነበሩ፤ ሣህሌም ኋላ ኋላ መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

ነገሩ የሚነሳው ከይርሳው መወለድ በፊት ነው። ቦጋለች ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያዋ ጥርስ ማውጣት ስትጀምር ሄደች። ሁለተኛው መቀመጥ ለምዶ ነበር። ሦስተኛው «አባ» ማለት በጀመረ ሰሞን ነው ያረፈው። እነሱን ስታሳድግ ስማ የማትጠግብ፣ አዝላ ደጅ ወጥታ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «እስቲ ዓይኑን እዩልኝ» የምትል እናት ነበረች። ሦስተኛውን ቀብረው ሲመለሱ ግን እንባ አልወጣትም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የጭላሎን ተራራ ሽቅብ እያየች፣ «የወደድኩትን ነው የሚወስደው» አለች። ሣህሌ ሰምቷታል። ያቺ አንዲት ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦጋለች ጭንቅላት አልወጣችም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት ዓመተ ምሕረት ይርሳው ሲወለድ ምክር ይዘው የመጡት እማማ ወለተ ማርያም ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት ወገን ናቸው፤ እሳቸውም የሰፈሩን ሕፃን ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ አሮጊት ናቸው። ሕፃኑን አላዩትም፤ ሆን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡና፣ «ስሚኝ ልጄ፣ ሞት የለመደው ያንቺን ቤት ነው» አሏት። «ይኼን ልጅ ሽጪው። ልጅ ለማይሞትባት ሴት ሽጪና አንቺ ሞግዚቱ ሁኚ። ስሙንም ሞት ይርሳው በዪው።»

«ለማን ልሽጠው እማማ? ልጅ ያልሞተባት ማን አለች?» አለች ቦጋለች።

«ጎረቤትሽ ዘሀራ አለችልሽ አይደል?»

ዘሀራ የባለሱቁ የኸይሩ ሚስት ናት። ከስልጤ አገር መጥተው አሰላ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ከቤታቸው ሬሳ ወጥቶ አያውቅም። አራት ልጆቿ ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ ልባቸው ሲራገጡ ነው የሚውሉት። ቦጋለች ይርሳውን አቅፋ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። ዘሀራ ሕፃኑንም እናቱንም አየችና «እሺ፣ እገዛዋለሁ» አለች።

ሽያጩ የተፈጸመው ጠዋት ነው። ዘሀራ በፊት ለፊት ገብታ አንድ እፍኝ ገብስ በቦጋለች ቀሚስ ላይ አፈሰሰች። ሕፃኑን ተቀብላ በጓሮ በኩል፣ ለዚሁ ተብሎ በተሸነቆረው አጥር አሾልካ አወጣችው። ዞራ በዋናው በር ተመለሰችና፣ «እመቤት፣ ይህን ልጄን አሳድጊልኝ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቦጋለች «ልጄ» ማለት ተከለከለች። ሰው ፊትም ሆነ ብቻዋን ልትስመው፣ ልታሞግሰው፣ ሲስቅ አብራው ልትስቅ አትችልም። ጥርሱን ነቅሎ ሌላ ሲያበቅል፣ በሰባት ዓመቱ ትመልሰዋለች። መመለሻው ከገዛ አፏ የሚወጣ አንድ ቃል ነው፤ ዘሀራ ፊት ቆማ «ልጄን መልሺልኝ» ማለት አለባት። እማማ ወለተ ማርያም «ሰባት ዓመት እኮ ነው፣ ምን አላት?» ብለው ነበር የተሰናበቱት።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። «አንተ ርጉም» ስትለው በሆዷ ትስቃለች። ልትስመው ሆዷ ሲባባ የራሷን ክንድ ነክሳ ታሳልፈዋለች፤ ሣህሌ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት እያየ ያዝንላት ነበር። ቀን ቀንን ሲተካ ግን ጨዋታው የት ላይ እንዳበቃ እሷም አላወቀችውም። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው «ምሳ በላህ?» ልትለው አፏን ስትከፍት የሚወጣው «ይኼ ሆድህ መቼ ይሆን የሚሞላው» ሆነ። ደግ ነገር ወደ ልቧ ብቅ ሲል ስድቡ ቀድሞ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። ልጁ ከሳቀ ደነገጠች፤ አማረበት የሚል ሰው ከሰማች ዞር ብላ አጥሩን አየች። ያን ጊዜ ሞት የአጥሩን ቀዳዳ ተጠግቶ የሚያዳምጥ ይመስላታል።

ልጁስ? ልጁ ያየውን ነዋ የተማረው። ዘሀራን «እማ» ይላታል፣ ቦጋለችን «እትዬ»። ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ ወደ ሱቁ ነው የሚሮጠው። ዘሀራ ታጥበዋለች፣ ትስመዋለች፤ እሷ ተፈቅዶላታል። እሱ ክርስቲያን ነውና ሙስሊም ቤት የታረደውን ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ለብቻው ምስር ትሠራለታለች። ቦጋለች ገብሷን እየፈተገች ከአጥሩ ማዶ ሳቁን ትሰማዋለች። እሷ ቤት እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ወዲያው ራሷን ታጽናናለች፤ እዚያ ይሳቅ፣ እዚያ ሞት ምንም አቅም የለውም ትላለች።

በሃምሳ አንድ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ልጁ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ሣህሌ በግ ገዛ። እማማ ወለተ ማርያም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላ። ዘሀራ ይርሳውን አጥባ፣ አዲስ ቁምጣና ሸሚዝ አልብሳ እጁን ይዛ በበሩ ገባች። ቦጋለች ፊቷ ቆመች። ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቀቻት ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደረሰች። «ል...» አለች። ያን ጊዜ ሦስቱ ትንንሽ መቃብሮች ድቅን አሉባት። አራተኛው ከጎናቸው ተቆፍሮ ታያት። አፏ ተከፈተና የወጣው፣ «ይኼን ርጉም ወዲያ ውሰጂልኝ» የሚል ሆነ።

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። እማማ ወለተ ማርያም «በይው እንጂ፣ በይው ልጄ» እያሉ ቢወተውቷት ቦጋለች ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ዘሀራ ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ሌላ ቀን ይሁን» ብላ ልጁን ይዛ ተመለሰች። ይርሳው በአዲሱ ሸሚዙ ወደ ኋላው ዞሮ እናቱን አያት። የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉን ባይረዳም ያልተፈለገ መሆኑን ይረዳል። የበጉን ሥጋ ጎረቤት በላው፤ ሣህሌ አልቀመሰውም።

ዓመቱ እንደዚያው አለፈ። ልጁ ማታ ማታ እቤት ያድራል፣ ቀን ዘሀራ ጋ ይውላል። ሌላ ቀን የተባለውም አልመጣ። ቦጋለች በየሳምንቱ ነገ እላለሁ ትላለች፤ ነገ ሲደርስ ልጁ ያስነጥሳል ወይ ይስላል፣ እሷም ትፈራና ትተወዋለች። በሃምሳ ሁለት ኅዳር ላይ ግን ኸይሩ ሱቁን ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ። ወንድሙ አርቦዬ ከተማ የእህል ንግድ ይዟል፤ ከጥምቀት በኋላ ዕቃቸውን በካሚዮን ጭነው ወደዚያው ሊሄዱ ነው።

ዘሀራ ወሬው ከመሰማቱ በፊት ራሷ ናት መጥታ የነገረቻት። ቦጋለች ዘነዘናዋን አቁማ አዳመጠቻት።

«ይርሳው አብሬሽ ካልሄድኩ ብሎ እያለቀሰብኝ ነው» አለች ዘሀራ። «በገብስ ገዝቼዋለሁ፣ በወጉ ልጁ የኔ ነው። ልወስድብሽ ፈልጌ አይደለም ቦጋለች። ግን ለማን ጥዬው ልሂድ? እስከምንሄድ አፍሽን ክፈቺ። ካልከፈትሽ ይዤው መሄዴ ነው።»

ቦጋለች ወደ ባሏ ሄዳ «አባቱ አይደለህም? አይሄድም በላት» አለችው። ሣህሌ ፈረሱን እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «በጉልበት ላስቀረው እችላለሁ» አላት። «ለምን ብዬ ነው የማስቀረው? አንቺ እንድትሰድቢው?»

ያን ዕለት ቦጋለች ሙቀጫው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ልጇን ከሞት ደብቃ ደብቃ በሕይወት ሳለ ሊያመልጣት ነው። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ተነሳችና ሥራዋን ጀመረች። ሌላ የምታውቀው ነገር ስለሌላት በምታውቀው ሞከረች። ዘነዘናውን ስታወርድ «ልጄ» ለማለት ነበር ሐሳቧ። መጀመሪያ አልወጣም። ዘነዘናው የሙቀጫውን ከንፈር እየመታ ገብሱን በተነባት። እንደገና አነሳችው። «ል» አለች፣ ወረደ። «ልጅ» አለች፣ ወረደ። ብብቷ በላብ ራሰ። ከቀናት በኋላ ቃሏ ከዘነዘናው ጋር አብራ መውረድ ለመደች። ችግሩ ዘነዘናው ሲቆም ቃሏም መቆሟ ነው። ዘነዘና ይዛ ልጇ ፊት አትቆም ነገር።

ስለዚህ ቃሉን ለጊዜው ትታ በእጇ ጀመረች። ይርሳው ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ለብቻው ነው የሚታጠበው። አንድ ቀን ማሰሮውን አንስታ አጠገቡ ደረሰች። ክንዷ ከፍ ሲል ልጁ አንገቱን ቀብሮ ዓይኑን ጨፈነ። በጥፊ ልትለው መስሎታል። ቦጋለች ቀጥ ብላ ቀረች። ይኼን ያስተማረው ሌላ ማንም አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብላ ውሃውን እግሩ ላይ አፈሰሰችለት። ምንም አላለችውም፤ ለእሷ ያኔ ዝም ማለት ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር።

በማግስቱም አጠበችው። በሦስተኛው ቀን «ይኼ የእግርህ እድፍ...» ብላ ጀምራ የቀረውን ዋጠችው። ስድቡ ተመልሶ ሲወርድ ደረቷን የሚያቃጥላት መሰላት። እየዋለ ሲያድር ልጁ አንገቱን መቅበር ተወ። እግሩን ራሱ መዘርጋት ጀመረ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮም ቢሆን። የገና ሰሞን ደግሞ በገና ዱላ ሩር ሲለጋ ውሎ ሲመለስ ሳትጠይቀው «እትዬ፣ ዛሬ ሩሯን እኔ ነኝ ያገባኋት» አላት። ቦጋለች ፈገግታዋን እንዳያይ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። ምን እያደረገች እንደሆነ ታወቃት። ጥርሷን ነክሳ፣ አንገቷን በግድ መልሳ ወደ እሱ አዙራ ፈገግታዋን አሳየችው። ልጁ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

የጥምቀት ዋዜማ ሲቃረብ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጉቱ የሚባል ከዲክሲስ በኩል ገብስ የሚያመጣላት ገበሬ ከፊቷ ቆሞ ነበር። ይርሳው ራቅ ብሎ የአባቱን ጋሪ ይጠብቃል። ጉቱ ወደዚያ አይቶ «ኧረ ይኼ ልጅ ጎበዝ ሆነ። የማን ነው?» አላት።

«የኔ ነው» አለች ቦጋለች። «ልጄ ነው።»

ቃሉ ሳታስበው፣ ሳትገፋው ነው የወጣው። ጉቱ ራሱን ነቅንቆ ስለ ገብሱ ማውራቱን ቀጠለ፤ ለእሱ ተራ ወሬ ነው። እሷ ግን የሚላትን አልሰማችውም። ደስታው እግሯ ድረስ ወረደ። ልጇ ባይሰማትም ሰው ሰምቷታል፣ ሰማይም አልወደቀም። ሰኞ ዘሀራ ፊት ቆማ እንደምትለው እርግጠኛ ሆና ወደ ቤቷ ገባች።

እሑድ ጠዋት ይርሳው ራሴን አመመኝ አለ። እኩለ ቀን ላይ ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። ተስቦ ነው። ተስቦ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ገብቶ የስንቱን ቤት አንኳኩቷል፤ ግን ይኼን ለቦጋለች ማን ይንገራት? እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ «ልጄ» አለችው፣ እሑድ ወደቀ። ሰምቷታል። አጥሩ ላይ የሚያዳምጠው ሰምቷታል።

ያን ጊዜ ነው ጨርሳ ያበደችው። ስንት ቀን የለፋችበት ነገር በአንድ ጊዜ ተናደ። ደጅ ወጥታ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ጮኸች። «ይኼ የኔ አይደለም። የሰው ነው። ይኼን ርጉም ማንም አይፈልገውም፣ እኔም አልፈልገውም።» ለሞት ነበር የምትነግረው። የሰማት ግን መደቡ ላይ የተኛው ልጅ ነው። እግሩን ያጠበችለት፣ ፈገግታዋን ያሳየችው ሁሉ ውሸት እንደነበር ገባው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሣህሌ ከውጭ ሲገባ ይኼንን ሰምቶ እጁን አነሳባት። በትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ አንስቶባት አያውቅም። እጁን መልሶ አወረደና ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ጋሪው ላይ አስተኛው። ሆስፒታል ወስዶ መርፌ አስወግቶ፣ ኪኒን ይዞ ተመለሰ። ወደ ቤቱ ግን አልመለሰውም፤ ዘሀራ ቤት አስገባው። ቦጋለች አልተቃወመችም። «እሰይ፣ ከኔ ዓይን ይራቅ» አለች።

ሁለት ቀን ከአጥሩ ስር ተቀምጣ ዋለች። አትበላም፣ አትፈትግም። ውስጥ ሲያቃስት ትሰማለች። በሦስተኛው ቀን ዘሀራ ብቅ አለች።

«ግቢና አጠገቡ ተቀመጪ» አለቻት።

«አልገባም። ከገባሁ ይሞታል። ቅዳሜ ልጄ ብዬው ነው የወደቀው። አንቺ ያዢው። አንቺ ልጅ አይሞትብሽም።»

ዘሀራ ነጠላዋን ሰብስባ መሬት ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እጇን እያየች፣ «ሁለት ቀብሬያለሁ» አለች።

ቦጋለች አልገባትም።

«አገሬ ሳለሁ። ወንድና ሴት። ወንዱ ይኼን ይርሳውን ያክል ነበር። አሰላ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው።»

«አንቺ?»

«እኔ። ወላሂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ቦጋለች።

«ልጅሽን አቅፈሽ ስትመጪ ዓይንሽን አይቼው ነበራ። አንቺ ጋ ሞት የለም ብለሽ አምነሽ መጣሽ። የኔም ሞተውብኛል ብልሽ ምን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ? ይጽናናት ብዬ ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ነው ያሉት፣ ያልፋል ብዬ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የሞቱትንም ስሜአቸዋለሁ። ያሉትንም እስማቸዋለሁ። የሚሄደውን ከሚቀረው የለየልኝ ነገር የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይኼን ሲሰማ ሸክሙ ይቀልለው ይሆናል። ቦጋለች ላይ ግን ተራራ ነው የተጫነባት። ሽያጩ ባዶ ነበር። ልጇን የጠበቀው ስድቧ አልነበረም። ስምንት ዓመት የነከሰችው ክንድ፣ የዋጠችው ሳቅ፣ ሁሉ ለምንም ነው። እንቁጣጣሽ ቀን አበባ ስሎ ይዞላት ሲመጣ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ምድጃ ውስጥ የጨመረችው ትዝ አላት። ልጁ እሳቱን እያየ የቆመበት አኳኋን ትዝ አላት። ሞትን ላታልል ብላ ያታለለችው እሱን ነው። ደረቷን መታች።

እንግዲህ ማወቅ ሌላ ነው፣ አለመፍራት ሌላ። ተነስታ ወደ ዘሀራ በር ስትራመድ ያቺ አሮጌ ቃል እንደ ድሮዋ ተከተለቻት። የወደድሽውን ነው የሚወስደው። ልትገድይው ነው። ተመለሺ። ቦጋለች ውሸት መሆኑን እያወቀች በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ገባች።

ይርሳው ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን አያይም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ጣቶቿ ሲነኩት «እማ» አለ።

ዘሀራ መስላው ነው። ቦጋለች ይኼን ታውቃለች።

«አቤት፣ ልጄ» አለችው።

ከዚያ አላቋረጠችም። ውሃ በጨርቅ ስታንጠባጥብለት ልጄ፣ ላቡን ስትጠርግለት ልጄ። በየጊዜው ቃሉን ካለችው በኋላ ትንፋሿን ይዛ ደረቱን ታያለች፤ ከፍ ዝቅ ሲል እንደገና ትለዋለች። ፍርሃቱ አንድም ጊዜ ሳይመጣ አልቀረም። እሱም ይመጣል፣ እሷም ትለዋለች። በዚህ ዓይነት ጥምቀት አለፈ። ታቦት ሲመለስ እልልታው ከሩቅ ተሰማት፤ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

በኋላ ትኩሳቱ በላብ ወጣለት። ጠዋት ላይ ዓይኑን ገልጦ በደንብ አያት። ማን እንደሆነች ሲለይ እጁን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣና «እማስ?» አለ። ቦጋለች ተነስታ ዘሀራን ጠራችለት።

ኸይሩ ልጁ እስኪያገግም ብሎ ጉዞውን አዘግይቶ ነበር። ጥር ሊያልቅ ሲል ካሚዮኑ መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ከረጢቱ፣ ሳጥኑ፣ አልጋው ተጫነ። ይርሳው ልብሱን በጨርቅ ቋጥሮ ከዘሀራ ልጆች ጋር ዕቃው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ከሕመሙ ወዲህ አንገቱ ቀጥኗል። ጎረቤቱ ሊሰናበት ወጥቶ ነበርና ቦጋለች በሰው መሃል ሰንጥቃ ስትመጣ መንገድ ለቀቁላት። ሌላ ስድብ የሚጠብቁ ነበሩ።

ካሚዮኑ አጠገብ ቆመች። ሽቅብ ልጁን አየች፤ እሱ አላያትም። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

«ዘሀራ» አለች። «ልጄን መልሺልኝ።»

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማ። ዘሀራ እያለቀሰች ወደ ልጁ እጇን ዘረጋች። ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለችው። ከዚያ አወረደችና በቦጋለች ፊት አቆመችው። ልጁ አልታገለም። ትእዛዝ ሰምቶ ያደገ ልጅ ነው። ካሚዮኑ ተነስቶ የአርቦዬን መንገድ ሲይዝ ብቻ አንድ ሁለት እርምጃ ተከትሎ ሮጠና ቆመ። አቧራው እስኪረግፍ እዚያው ቆሞ አየ።

ሣህሌ ጓዙን አነሳለት። ሦስቱ ወደ ቤት ሄዱ። ሣህሌ ፈረሱን ሊያጠጣ ወጣ። ቦጋለች እሳቱን ቆሰቆሰች፤ እጇ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ይርሳው በሩ አጠገብ ካለው የዱካ መቀመጫ ጫፍ ላይ፣ ተነስ እንደሚባል እንግዳ ተቀምጧል።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ውሃ ልጠጣ?»

«ጠጣ፣ ልጄ» አለችው።

ይርሳው «ልጄ» የምትለው ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረ።